«የእኛ ነገር ይተው»

ሦስት ገጽ ሙሉ ጽፌ የላክሁለት ሰው በሩብ ወረቀት መለሰልኝ። ከመስክ ደብተር ተቀድዳ የወጣች፣ ጠርዟን ጭቃ የነካት ሩብ ወረቀት ናት። በእርሳስ «የእኛ ነገር ይተው። ሶርሳ» ይላል። ገለበጥኳት፤ ጀርባዋ ባዶ ነው። የመጣችበትን ደብተር አንስቼ አራገፍኩት፤ ከአንድ የደረቀ ቅጠል በቀር የወደቀ ነገር የለም።

እኔ ፋና ገብረማርያም በሃያ ዘጠኝ ዓመት ዕድሜዬ ያቺን ወረቀት ያህል ደጋግሜ ያነበብኩት ነገር የለም። ቢሮ ውስጥ አነበብኳት። ባጃጅ ላይ አነበብኳት። ቤት ገብቼ እናቴ «እጅሽን ታጠቢ፣ ምሳ ቀርቧል» ስትለኝ ኪሴ ውስጥ እየዳበስኳት በልቤ አነበብኳት። ሦስት ቃል ነበረች፤ ሦስት ቃል ሆና ቀረች።

የጻፍኩለትንም ልንገራችሁ፤ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ። «ሶርሳ» ብዬ ነበር፣ «የክብረት ቤተሰቦች በሚመጣው ቅዳሜ ሽማግሌ ሊልኩ ነው። ክብረት የአባቴ ወዳጅ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ መሐንዲስ ነው። ጥሩ ሰው ነው፣ ልጠላው ሞክሬ አቅቶኛል። የምወደው ግን አንተን ነው። የእኛን ነገር ምን እናድርገው? አንድ ቃል በለኝና ለአባቴ ልንገረው።» አንድ ቃል ማለቴ ለአነጋገር ያህል ነበር። እውነት መስሎት ቆጥቦ ይልክልኛል ብዬ መች አሰብኩ!

«ለምን አልደወልሽለትም?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። የምንሠራበት ጫካ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ቢኖርም ሶርሳ ስልክ ላይ «እሺ» እና «ደህና» ከማለት አያልፍም። የሁምቦ ልጅ ነው፤ አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው፣ አማርኛ ሲናገር ቃሉን እየመዘነ ነው። ወረቀት ላይ ግን ይፈታል። በቢሮውና በጫካው መካከል በየቀኑ የሚመላለስ የመስክ ደብተር አለን፤ በዚያ ደብተር ቅጠሎች መሐል ነው ሰባት ወር ስንጻጻፍ የከረምነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። ከሶዶ ከፍ ብሎ፣ ወደ ዳሞታ ተራራ በሚያወጣው በኩል ያለውን ጫካ ለሕዝብ መናፈሻ እንዳደርግ ተባልኩ። የሰፈር ማስዋብ፣ የመናፈሻ ንድፍ ነው የተማርኩት። ኮሚቴው የፈለገው የሲሚንቶ ደረጃ፣ የሲሚንቶ ጃንጥላ፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ውኃ የሚተፋ የሲሚንቶ ዝሆን ነበር። እኔ ግን ጫካውን ሳየው ምንም የጎደለው ነገር አልታየኝም። ዝግባው አለ፣ ወይራው አለ፣ ምንጩ አለ። ሰው ገብቶ እንዲያየው በር መክፈትና እጅን መሰብሰብ ብቻ ነው ያለብን አልኳቸው። አንዱ የኮሚቴ አባል መነጽሩን አውልቆ «ታዲያ አንቺ ምን ሠራሽ ልንል ነው?» አለኝ። አባቴም የሰማ ቀን ሳቀብኝ። ገብረማርያም የሶዶ የሲሚንቶና የቆርቆሮ ነጋዴ ነው፤ «ሲሚንቶ ሸጬ አስተምሬ የሲሚንቶ ጠላት አሳደግኩ» አለ።

ያን ጊዜ ከኔ ጋር የቆመው ሶርሳ ብቻ ነበር። የደን ባለሙያ ሆኖ ከሁምቦ የመጣ፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ነው። አባቱ ዳና ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ የተራቆተ ኮረብታ ከከብት እየጠበቀ፣ ከአሮጌ ጉቶ ያቆጠቆጠውን እየከረከመ ጫካ ሲመለስ ያየ ገበሬ ነው፤ ሶርሳም ያደገው እዚያው ኮረብታ ላይ ነው። ስለዚህ «አንንካው» ስለው ማስረዳት አላስፈለገኝም። መንገዱን እንኳ እኛ አልቀየስነውም። ሶርሳ ዛፎቹ መሐል አመድ በተነና እንጨት የሚለቅሙ ሴቶች እግራቸው በየት በየት እንደሚያልፍ ሁለት ሳምንት አየን። በዚያው አደረግነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ ትልቁ ዝግባ ሥሩ እንዳይረገጥ ብለን፣ አዞርነው።

ዛፍ ላይ ሚስማር መምታትም ቀለም መቀባትም ከለከልን። እንዳንሳሳት በየዛፉ ወገብ የእንሰት ቃጫ እናስርበታለን። አንድ ቋጠሮ ያለው «ይተው»፣ ሁለት ያለው «ይከርከም»፣ ሦስት ያለው «ይነሳ» ነው። የሚነሳው ባሕር ዛፉ ነው። ቃላቱን አውጥቼ ደብተሩ ላይ የጻፍኳቸው እኔ ነኝ፤ ይህን እያወቃችሁ ስሙኝ።

ፍቅራችን የጀመረው በጫማዬ ነው። አንድ ጠዋት ካርታውን እያየሁ ወደ ኋላ ስራመድ ሶርሳ ድንገት ተንበርክኮ ቦት ጫማዬን በሁለት እጁ ያዘ። «ቆይ! እግርህን አታሳርፍ!» አለኝ። ሶርሳ ሲደነግጥ ወንድ ያደርገኛል። ዝቅ ብዬ ሳይ ከጫማዬ ሥር ሁለት ቅጠል ያላት የዋንዛ ችግኝ አለች። እሱ እሷን ያያል፤ እኔ እሱን አያለሁ። አንድ እግሬን አንስቼ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ትከሻውን ይዤ ብዙ ቆየሁ። ችግኟ ካለችበት ራቅ ብዬ ማረፍ እችል ነበር። አላረፍኩም።

እንግዲህ ያ ሰው ነው «የእኛ ነገር ይተው» ያለኝ።

ወረቀቷን ያሳየሁት ለብሩክታይት ነው። ብሩክታይት ቢሮ ውስጥ ካርታ የምትሠራልን ጓደኛዬ ናት፤ የሶዶ ልጅ ናት፣ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ትናገራለች። አየቻት፣ መልሳ አየቻት፣ ከዚያ ጠረጴዛውን መታች።

«አንቺ፣ አጥብቀሽ እኮ ነው ያነበብሽው! አላልተሽ አንብቢው እስቲ። ይተው። ማን ይተው? ክብረት ይተው!»

«‹የእኛን ነገር› ቢል እሺ። ‹የእኛ ነገር› ነው ያለው።»

«‹ን›ን በልቷት ነው። ሶርሳ ‹ን› እንደሚበላ አታውቂም? ባለፈው ‹ዛፎቹ ቆረጡ› ብሎ ጽፎ ዛፎቹ ራሳቸው ቆራጭ ሆነው አልነበር?»

ለግማሽ ቀን ያህል ዓለም ሁሉ ላላ። ክብረት ይተው! እንዴት ያለ ወንድ ነው ብዬ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ከምሳ በኋላ ግን ብሩክታይት ራሷ ፊቷ ተቀይሮ መጣች።

«እኔ እንጃ ፋና፣ ወይ ደግሞ አንቱ ብሎሽ ይሆናል። ‹እርስዎ ይተዉ› ለማለት።»

«ሰባት ወር አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው?»

«አባቴ እናቴን ሲቆጣት አንቱ ይላታል እኮ። አርቆ ሊያስቀምጥሽ ፈልጎ ቢሆንስ?»

«በቃ ተይኝ!»

«እኔ ልጠይቅልሽ? አሁኑኑ ወጥቼ እጠይቀዋለሁ።»

«ብትጠይቂው አላናግርሽም» አልኳት። የአባቴን ኩራት ነው የወረስኩት። ሦስት ገጽ ጽፌ በሦስት ቃል የመለሰልኝን ሰው «ምን ማለትህ ነው?» ብዬ ልለምን? ሲጠብቅ ይገድለኛል፣ ሲላላ ያኖረኛል፣ እኔ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተንጠልጥያለሁ። ማታ ማታ ሳይሆን በቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያናገረኝ ነበር ግራ የሚገባኝ።

ዓርብ ከሰዓት እናቴ ዓመለወርቅ ልብስ እያጠፈች ጠራችኝ። የሶርሳን ነገር ታውቃለች፤ ሶዶ ውስጥ ምን የማይታወቅ አለ። አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ልጄ፣ ልጁ ጨዋ ነው ይሉታል። እኔም አልጠላሁትም» አለች አንሶላውን እያስተካከለች። «ግን እሱ ጴንጤ ነው፤ በጾም ወራት አንድ ማዕድ ላይ ምን ልትበሉ ነው? ልጅስ ብትወልዱ ክርስትና ማን ያነሳላችኋል? የሱስ እናት መዝሙራቸውን የማታውቅ ምራት ስትገባባቸው ደስ ይላቸዋል?»

ለዚህ ሁሉ ሶርሳ መልስ አለው ብዬ ነበር። የሱ መልስ ኪሴ ውስጥ ናት።

«ነገ ሰዎቹ ሲመጡ ምን እንበላቸው?» አለችኝ።

«እንደፈቀዳችሁ» አልኳት።

ግንባሬን ሳመችኝ። እኔም አንሶላውን በአንድ በኩል ይዤ አጠፍኩላት። የገዛ ራሴን ያጠፍኩ ያህል ተሰማኝ፤ ግን አላለቀስኩም፣ ለቅሶውም ግራ ገብቶት ይሆናል።

ቅዳሜ ሽማግሌዎቹ መጡ። አለቃቸው አቶ ደገፉ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤ እኔንም ሦስተኛ ክፍል በአለንጋ ያውቁኛል። እንደ ወጉ ተቀመጡ፣ እንደ ወጉ ጠየቁ፣ አባቴም እንደ ወጉ «ተመካክረን በሳምንቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንመልሳለን» አለ። ሁሉም መልሱን ያውቀዋል። አባቴ ደግሞ ቃል ከሰጠ ሰማይ ቢወድቅ አያጥፍም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ነው ጨርሶ ያሳበደኝ። ሰኞ የመስክ ደብተሩ ሲመለስ ከላዩ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር አለ። ፈታሁት፤ የጫካ እንጆሪ ነው፣ ጠል ያልለቀቀው። ረቡዕ ደግሞ መጣ። ደብተሩ ላይ «ዝናብ ጥሩ ነው። ምንጭ ሞላ። ሎኦ» ብሎ ጽፏል፤ ሎኦ ማለት በነሱ ቋንቋ መልካም ማለት ነው። ምኑ ነው መልካም? ሰው ተይኝ ብሎ እንጆሪ ይልካል? ተገላገልኩ ብሎ ድግስ መሆኑ ነው? እንጆሪውን ለብሩክታይት ሰጠኋት። ከዚያ ፀፀተኝና ግማሹን ተቀብያት በላሁት። በጣም ይጣፍጥ ነበር፤ ይሄም አናደደኝ።

የሁለተኛው ቅዳሜ ጠዋት ወሰንኩ። ደብተሩን በእጄ አስረክቤው፣ ፊቱን አንድ ጊዜ አይቼ፣ እመለሳለሁ። የምጠይቀው ነገር የለም። እናቴ ፀጉር ቤት የሄድኩ መስሏታል። ሰባት ሰዓት ላይ ጫካው በር ደረስኩ። ቀን ቆጥሬያለሁ፤ ሶርሳን ካየሁት ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

ትልቁ ዝግባ ዘንድ አገኘሁት፣ መንገዱን ባዞርንበት ቦታ። ሲያየኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ! ያን ፊት ይዤ ምን ላድርግ? ለመቆጣት ነበር የመጣሁት።

«ሳሮ?» አለኝ። ደህና ነሽ ማለቱ ነው። «ጠፋህ እኮ! ታመምክ ብዬ... ታመምሽ ብዬ ብሩክታይትን ጠየቅሁ፣ ደህና ነው አለችኝ።»

«ደብተሩን ላስረክብ ነው የመጣሁት።»

«ለማን?»

«ላንተ። ሥራውን ልለቅ ነው። አዲስ አበባ ልገባ ነው፤ ክብረት እዚያ ነው የሚሠራው።»

ሶርሳ ደብተሩን አልተቀበለኝም። እጄ ላይ ቀረ።

«ክብረት ምን ያደርጋል?» አለኝ።

«ያገባኛል።»

«እንዴት ያገባሃል! እኔ እኮ ጽፌያለሁ። አልደረሰህም?»

«ደርሶኛል። ተዪው አልከኝ፣ ተውኩት።»

«ተዪው አላልኩም። ‹ይተው› ነው ያልኩት!»

«ልዩነቱ ምንድን ነው ሶርሳ? ንገረኝ እስቲ፣ ዘጠኝ ቀን አእምሮዬን ልስት ነው! ሲጠብቅ ነው? ሲላላ ነው? አንቱ ማለትህ ነው? ምንድን ነው?»

ጮኼ ነበር። እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች ቆመው አዩንና መንገዳቸውን ቀጠሉ። ሶርሳ ወደ ዝግባው ዞሮ በወገቡ የታሰረውን ቃጫ፣ አንዷን ቋጠሮ፣ በጣቱ ነካት።

«ይሄ ምን ይላል?»

ቋጠሮዋን አየሁ፣ እሱን አየሁ።

«ፋና፣ የራስሽ ቃል ነው። ደብተር ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ይተው» አልኩ።

«ተውነው? ይሄን ዛፍ ተውነው? በየቀኑ አይደለም እንዴ የምናየው? ለሱ ብለን አይደለም መንገድ ያዞርነው? ይተው ማለት ማንም አይንካው ማለት ነው። አይከርከም፣ አይነሳ፣ እንዳለ ይቁም ማለት ነው። ከሦስቱ ትልቁ ቃል እሱ ነው። አንድ ቃል በለኝ አልሽ፣ ትልቁን ፈልጌ ላክሁ።»

እዚያው ሥሩ ላይ ተቀመጥኩ፣ አትቀመጡ ያልነው ቦታ ላይ። ሳቅ መጣብኝ፣ ለቅሶም መጣብኝ፣ የትኛውን እንደማስቀድም አላወቅኩም። ሺህ ጊዜ በእጄ የጻፍኩት ቃል ነው። ለዛፍ ሲሆን አውቀዋለሁ፤ ለኔ ሲሆን እንደ ማንኛዋም የተከዳች ሴት አነበብኩት። ይወደኛል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ይወደኝ ነበር። እንጆሪው እንጆሪ ነበር!

ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ከሥሩ ሌላ ነገር ተነሳ። ምን እንደሆነ እስክናገረው ድረስ እኔም አላወቅኩትም።

«ሶርሳ፣ እኔ ዛፍ አይደለሁም» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ዛፍ ካልነኩት ቆሞ ያድጋል። እኔን ማንም ካልነካኝ ሌላ ሰው መጥቶ ይወስደኛል። ሽማግሌ እየመጣ ነው ብዬ ጻፍኩልህ፣ አንተ እዚህ ሆነህ እንዳለ ይቁም አልክ። ማን ያቁመው? እኔ ብቻዬን?»

«እኔ እኮ እምቢ ብለሻል ብዬ ነው። ወረቀቴን አይተሽ...»

«ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባቴ ቃሉን ሊሰጥ ነው። ቤት ቁጭ ብለው ይጠብቁታል።»

ሶርሳ ሰዓቱን አየ። ስምንት ሊሆን ነው። ከዚያ እንደኔው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«የእናንተ በር ትልቅ ነው» አለኝ። «ምን ብዬ ላንኳኳ? የገበሬ ልጅ ነኝ። ጴንጤ ነው ይሉኛል። አማርኛዬ እንደምታይው ነው። አባትሽ ሱቅ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፣ ልነግረው።»

«ሱቅ ሄደሃል? ከዚያስ?»

«ምን ልስጥህ አለኝ። አፌ ተያዘ። አንድ ቀን ሚስማር ገዝቼ ተመለስኩ። ሌላ ቀን ቀለም።»

ሚስማርና ቀለም! በኛ ጫካ ውስጥ የተከለከሉት ሁለቱ ነገሮች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪያመኝ እስቅ ነበር። ያን ጊዜ ግን የፈራውን ሰው፣ ሁለት ጊዜ ፈርቶ የተመለሰውን ሰው ሳይ ላቅፈው ፈለግኩ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ልመታው ፈለግኩ። እንዴት ነው አንድን ሰው በአንድ ጊዜ ማቀፍም መምታትም የምንፈልገው?

ተነሳሁ። «ና» አላልኩትም። ብጠራው ይመጣ ይሆናል፤ ግን ብዬው ከመጣ ለኔ ምን ይቀረኛል? ደብተሩን ዝግባው ሥር አስቀምጬ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ወደ ኋላ አላየሁም። አንገቴ ግን ሊዞር ብዙ ታገለኝ።

ቤት ስደርስ ሰዎቹ ተቀምጠዋል። አቶ ደገፉ መሐል ላይ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፣ አባቴ ፊት ለፊታቸው። እናቴ ጫማዬን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነኝ፣ ፀጉሬ ላይ ቅጠል አለ። ጓዳ ልታስገባኝ ስትነሳ አቶ ደገፉ ቀደሟት።

«ተያት ዓመለወርቅ፣ እንኳን መጣች። ልጅቷ ባለችበት ቢሆን ነው የሚያምረው። ዘመኑም እንደዚያ ነው።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ቃሉን ሊሰጥ ነው። አባቴን ከዚያ በፊት አቋርጬው አላውቅም፣ በልጅነቴም።

«አባዬ፣ ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩ። «ለእናቴ እንደፈቀዳችሁ ያልኳት ተሳስቼ ነው። ክብረት ምንም አልበደለኝም። እሱን ማግባት ግን አልችልም።»

አባቴ ፊቱ ቀላ።

«ምኑን ነው የተሳሳትሽው?»

«አንድ ቃል አጥብቄ አንብቤ» አልኩት። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት አልመጣልኝም። አቶ ደገፉ የድሮ አስተማሪነታቸው ተቀስቅሶ «የትኛውን ቃል?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የግቢው በር ተንኳኳ።

አንድ ጊዜ። ቀጥሎ ሦስት ጊዜ፣ በኃይል።

ሶርሳ እንደኔው በጭቃው ገባ። ሮጦ ነው የመጣው፣ ትንፋሹ ይሰማል። ብቻውን ነው። በእኛ አገር ወንድ ልጅ ሚስት ለመጠየቅ በገዛ እግሩ አይመጣም፤ ሰው ይልካል፣ ሰውም በክብር ይናገርለታል። ይሄን የሚያውቁ ሦስት ሽማግሌዎች ፊት፣ ባዶ እጁን፣ ደፉ ላይ ቆመ።

«ማን ነው የላከህ?» አለው አባቴ።

«እኔ ነኝ የላከኝ» አለ ሶርሳ።

ማንም አልሳቀም።

«ምን ብለህ?»

«ጌታዬ፣ ልጅዎን እወደዋለሁ። ይዳሩልኝ።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ አቶ ደገፉ ጠጋ ብለው «ገብረማርያም ወንድ ልጅ አለው እንዴ?» አሉ። ሹክ ያሉ መስሏቸው ነበር፤ ሁላችንም ሰማን። የሶርሳ ፊት ሲቀላ፣ ዐይኑ መሬት ሲወርድ አየሁ። ያን ያህል መንገድ ሮጦ መጥቶ በአንዲት ቃል እንዲያፍር አልፈቀድኩም።

«እኔን ነው» አልኩ። «የሚለው እኔን ነው። እኔም እወደዋለሁ።»

እናቴ ወንበሩን ይዛ ተቀመጠች። አቶ ደገፉ ቀስ ብለው ከዘራቸውን አነሱ፤ ሁለቱም ተከትለዋቸው ተነሱ። «ገብረማርያም፣ እኛ መልሳችንን ሰምተናል። አልተቀየምንህም» አሉ። በሶርሳ አጠገብ ሲያልፉ ቆም ብለው ከራስ እስከ እግሩ አዩት፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወጡ። ያ መነቅነቅ ንቀት ይሁን አድናቆት አሁንም ድረስ አልገባኝም።

አባቴ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም። ወደኔም ወደሱም አላየም፤ የሚያየው ሽማግሌዎቹ የለቀቁትን ባዶ ወንበር ነው። እንዲህ ዝም ሲል አይቼው የማውቀው ወንድሙ የሞተ ቀን ብቻ ነው። አዋረድኩት። ይሄን ሳስብ ደረቴ ተቃጠለ፤ ግን አልተጸጸትኩም፣ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደተቀመጡ እንጃ።

«አባት የለህም?» አለ በመጨረሻ፣ ወንበሩን እያየ።

«አለኝ። ሁምቦ ነው። ዳና ይባላል።»

«አፍ የለውም?»

«አለው ጌታዬ።»

«ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለህም?»

«ሁሉም አለ።»

«ታዲያ ሰው እንደሌለው፣ ከሜዳ እንደበቀለ፣ ብቻህን እቤቴ የምትገባው ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ጮኸበት። ተነሳ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣለ፣ የጓዳውን በር ገፍቶ ገባ። በሩን ግን አልዘጋውም።

እናቴ የበሩን ክፍተት አየች፣ እኛን አየች፣ ከዚያ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። እሷም የገባት አልመሰለኝም። ሶርሳ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለኝ። «አባረረኝ? ወይስ ሽማግሌ ይዘህ ና አለኝ?»

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ የገዛ አባቴ አማርኛ አልገባኝም። ዝቅ ብዬ ሳይ የሶርሳን እጅ ይዤዋለሁ። መቼ እንደያዝኩት አላስታውስም፤ ሽማግሌዎቹ እያሉ ይሁን፣ አባቴ ሲጮኽ ይሁን። አባቴ በተከፈተው በር እያየን ነበር። አልለቀቅኩትም።